ዘጠነኛው መደብ

ተመራማሪዋ ሣር ሜዳው ላይ ካጠረቻቸው መደቦች አንዳንዱን በመስታወት ከልላ አሙቃዋለች፤ አንዳንዱ ላይ ማዳበሪያ ነስንሳለች። ዘጠነኛው ማነጻጸሪያ ስለሆነ ምንም አልተደረገበትም። ዘንድሮ ግን ብስባሽ ሲበዛ የሚጨምረው የአፈሩ ኢንዛይም ከሁሉም በልጦ የተገኘው እዚያ ነው። የሦስት ዓመት ጥናቷ ሊበላሽባት ነው።

ጥበቃው ጋሽ አጥናፉ ጠዋት ጠዋት እዚያ መደብ አጠገብ ቆመው ሲያማትቡ አይታለች።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። አዝነውለት ማዳበሪያ ጣል አድርገውበታል አይደል?»

«ማርያምን! አንዲት ፍሬ አልጣልኩም።»

«ታዲያ አፈሩ ዝም ብሎ ሰከረ?»

ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። እሷም አካፋውን አነሳች።

«እንግዲያው ቆፍሬ አየዋለሁ።»

ጋሽ አጥናፉ ኮፍያቸውን አውልቀው ከፊቷ ተንበረከኩ።

«ዶክተርዬ፣ በሞቴ፣ እዚህ ጋ አትቆፍሪ።»

«ምን ቢኖር ነው?»

«ሜዳው ጅብ አለበት። አጥር ያለው ያንቺ ቦታ ብቻ ነው።» እጃቸውን ሣሩ ላይ አሳረፉ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደግሞ አይሆንም አሉኝ።»

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«ልጄ ክርስትና ልትነሳ አንድ ቀን ነበር የቀራት።»