ኩላሊት፣ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት

የባዮሎጂ አስተማሪዋ ሚስስ ሃርዲንግ መጽሐፉንና የእታለማሁን የፈተና ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግታ በእስክሪብቶዋ ጫፍ እየነካካች አሳየቻት። እዚህ ኮማ፣ እዚያም ኮማ። እዚህ «ሃውኤቨር»፣ እዚያም «ሃውኤቨር»። ገጽ ሙሉ፣ ስለ ኩላሊት፣ ቁርጥ ራሱ።

«ፈተና ላይ መጽሐፍ ይዘሽ ገብተሻል?»

እታለማሁ ጠዋት ቢሮ እያጸዳች፣ ከሰዓት እዚህች ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ ያለች ሚጢጢ ኮሌጅ ትማራለች፤ ሂሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ባዮሎጂ፣ ከሁሉም ቆንጠር ቆንጠር። ይቺን ዓመት ካለፈች መስከረም ላይ ነርሲንግ ትገባለች፤ ዩኒቨርሲቲው ቦታ ይዞላታል። ኮፒ አድርጋለች ከተባለ ግን አበቃ። ከኮርሱም ትባረራለች፣ ቦታውም ለሌላ ይሰጣል።

«አልያዝኩም።»

«ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?»

«ከጭንቅላቴ።»

ሚስስ ሃርዲንግ አንድ ቅንድቧን ከፍ አደረገች። ያ የእንግሊዞች ቅንድብ፣ ከስድብ የሚብሰው።

ሰቢሃ አጠገቧ ናት፤ የክፍል ጓደኛዋ፣ «ብቻሽን አትገቢም» ብላ ተከትላት የገባች። በአማርኛ ሹክ አለቻት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ለእኔ እንኳ እውነቱን ንገሪኝ። አጤሬራ ይዘሽ ነበር?»

«የምን አጤሬራ! ሸምድጄው ነው እንጂ!»

«ኮማውንም?»

«አገር ቤት ቲቸር መዝገቡ ኮማ ስንስት በአርጩሜ ነበር የሚሉን።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አውርጂላታ!»

እታለማሁ ብድግ አለች። እጇን ወደ ኋላ አጣመረች፣ ዓይኗን ኮርኒሱ ላይ ተከለች። «ኩላሊቶች ባቄላ የሚመስሉ ሁለት የአካል ክፍሎች ሲሆኑ…» በእንግሊዝኛ፣ በአንድ ትንፋሽ። ሚስስ ሃርዲንግ ልታስቆማት እጇን አነሳች። እጇ መልሶ ወረደ። ቀጥሎ ጣቷ መጽሐፉ ላይ መስመር በመስመር ይከተላት ጀመር። እታለማሁ ገጹን ጨረሰች፣ ከሥዕሉ ሥር ያለችውን ጽሑፍም አለች፣ የገጹን ቁጥር ሁሉ ጨመረች። «መቶ አሥራ ሁለት።»

«አንድ መስመር ዘለልሽ» አለች ሚስስ ሃርዲንግ፣ ድምጿ ቀጥኖ።

«አልዘለልኩም። እኔ ያጠናሁት የላይብረሪውን፣ አሮጌውን ነው። ይሄ አዲሱ ነው።»

ሚስስ ሃርዲንግ ሽፋኑን ገልጣ የታተመበትን ዓመት አየች፤ ዘጠና አምስት፣ እውነትም አዲሱ እትም። የፈተና ወረቀቱን አየች። የተዘለለችው መስመር እዚያም የለችም።

«የልብን ገጽም ልበል?» አለች እታለማሁ።

«ኧረ አይሆንም! ይበቃል!» ሚስስ ሃርዲንግ መጽሐፉን ዘጋችው። «አልሰረቅሽም። ግን እኔ የጠየቅኩት አንቺ የገባሽን ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ ውሃ ባይጠጣ ኩላሊቱ ምን ያደርጋል?»

ይሄ መጽሐፉ ላይ የለም። እታለማሁ አሰበች።

«ያለውን ቆጥቦ ይይዛላ። ሽንት ያንሳል፣ ይጠቁራል። በሁዳዴ ስጾም አየዋለሁ።»

«ረመዳንም እንደዚያው ነው» አለች ሰቢሃ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ሚስስ ሃርዲንግ ሳቋ አመለጣት። «እሱን ብትጽፊው ምን ነበረበት?» ወረቀቱ አናት ላይ ያሰፈረችውን የጥያቄ ምልክት ሰርዛ በቀይ «አልፋለች» ብላ ጻፈች። «ሁለተኛ ግን በራስሽ ቃል።»

ኮሪደር ላይ ሰቢሃ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ልታቅፋት እጇን ዘረጋች።

«ቆይ፣ ቆይ! ከጠዋት ጀምሮ ይዤው ነው!» እታለማሁ ቦርሳዋን ወርውራላት ወደ ሽንት ቤት በረረች።

ሰቢሃ ሁለት ቦርሳ ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች። ከውስጥ መጀመሪያ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሳቅ፣ የሚያባራ የማይመስል።