የባዶ ቦታ ጠብ

ጠቡ የተነሣው በባዶ ቦታ ነው።

ነጻነት በመጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ አስመራ ላይ የመኪና ሰሌዳ በሚመዘገብበት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሁለት የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። ዘርዓብሩክ አዲስ አበባ ተወልዶ፣ እዚያው ተምሮ የመጣ ነው። ተወልደመድኅን ግን ኮምፒውተርን ያወቀው በትግሉ ዘመን፣ በረሓ ውስጥ፣ ከተራራ ሥር በተቆፈረ ክፍል ነው። የዘርዓብሩክ ትግርኛ ገና ስለሚንተባተብ የሚጣሉት በአማርኛ ነበር።

ዘርዓብሩክ ዋናውን ትእዛዝ ከግራ ጠርዝ ይጀምርና በሥሩ ያለውን ወደ ቀኝ ገፋ ያደርገዋል፤ ከዚያ ሥር ያለውን ደግሞ የበለጠ ይገፋዋል። ስክሪኑ ላይ የቤት ደረጃ ይመስላል። ተወልደመድኅን ሁሉንም መስመር ከግራ ጠርዝ ጀምሮ ጥቅጥቅ አድርጎ ይደረድራል። በረሓ ወረቀቱም ዲስኬቱም ብርቅ ስለነበር ባዶ ቦታ መተው እንደ ነውር ይቆጠር ነበር።

ኮምፒውተሩ ሁለቱንም እኩል ይቀበላል። ደንታም የለው።

«ሠላሳ ዓመት የታገልነው ለመሬት ነው» ይላል ተወልደመድኅን። «አንተ አምቼ ግን ስክሪን ሙሉ መሬት ጦም ታሳድራለህ።» አምቼ ከኢትዮጵያ ለተመለሱት ከተማው ያወጣላቸው ስም ነው።

«ያንተን ለማንበብ እኮ መጀመሪያ ምሽግ መውረድ ያስፈልጋል» ይላል ዘርዓብሩክ።

አለቃቸው ወይዘሮ ሓረጉ ሥራ የጀመሩት በታይፕ ጸሐፊነት ነው። ኮምፒውተር ላይ ከደብዳቤ መጻፊያው በቀር የሚከፍቱት ነገር የለም፤ የደብዳቤያቸው የግራ ጠርዝ ግን ክር የተወጠረበት ይመስል ነበር። መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ለሠራተኛው ሁሉ አንድ ሕግ ደንግገዋል፤ ሳያስቀምጡ መዝጋት ክልክል ነው። ለምሳ ወጥተው አያውቁም። ባኒ የሚባለውን ዳቧቸውን በእንቁላል ይዘው ይመጡና ቢሮው ጭር ሲል ሥራ ያያሉ።

«እኔ ያላየሁት ከዚህ ክፍል አይወጣም» ይላሉ፤ ሁለቱ ጎረምሶች ፊታቸውን አዙረው ይስቃሉ።

አንድ ቀን ዘርዓብሩክ ከምሳ ተመልሶ ዲስኬቱን ቢከፍት ደረጃው የለም። መስመሩ በሙሉ ግራ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ልክ በረሓ የተጻፈ ይመስላል።

የተወልደመድኅን ሥራ አልተነካም።

ዘርዓብሩክ እያጉረመረመ ደረጃውን እንደገና ሠራ። በሌላ ሳምንት ዳግመኛ ፈረሰ። ዲስኬቶቹ የሚቀመጡበት ሳጥን ይቆለፋል፤ ቁልፍ ያላቸው ሁለቱና አለቃቸው ብቻ ናቸው። ዘርዓብሩክ የፈረሰውን በወረቀት አትሞ ወይዘሮ ሓረጉ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው።

«ይመልከቱልኝ! ይህ ሥራ ነው?»

መነጽራቸውን አደረጉና አገላበጡት። «ምን ጎደለው ልጄ? ድሮስ እንዲህ አልነበረም እንዴ?»

ዘርዓብሩክ ራሱን ያዘ። ተወልደመድኅን እስኪያስለው ሳቀ። ዘርዓብሩክም ተከትሎት ሳቀ፤ በአንድ ነገር አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲፈርስ ግን የሳቀ አልነበረም። «ወይ እሱ ይሂድ ወይ እኔ» አለ ዘርዓብሩክ። ወይዘሮ ሓረጉ ሁለቱንም ጠሩ።

«ተወልደ፣ አንተ ነህ?»

«አይደለሁም። የሰው ሥራ ውስጥ እጄን አላስገባም። የማልወደውን ፊት ለፊት ነው የምናገረው።»

«ተናግረሃል እኮ፤ በየቀኑ!» አለ ዘርዓብሩክ።

«ትናንት ለምሳ የት ነበርክ?» አሉ ወይዘሮ ሓረጉ።

«እዳጋ ሓሙስ ሰፈር፣ ልጄ ዘንድ።»

«ማን አየህ?»

«ሮሆቦት።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ስድስት።»

ወይዘሮ ሓረጉ ተነፈሱ። ታሪኩን ያውቁታል። እናቷ ጦር ሜዳ ወድቃለች፤ ልጅቷን ያሳደገቻት አያቷ ናት። ተወልደመድኅን ከበረሓ ሲገባ ሮሆቦት «ይሄ ተጋዳላይ መቼ ነው የሚሄደው?» እያለች ትጠይቅ ነበር። አባቷን «ባባ» ብላ የጠራችው ገና በቅርቡ ነው፤ ያን ዕለት ለቢሮው ሁሉ ከረሜላ አድሏል።

«ዓሰብ ቅርንጫፍ ሰው ይፈልጋል» አሉ ወይዘሮ ሓረጉ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው።

ተወልደመድኅን ደነገጠ። «አያቷ ወደዚያ ሐሩር አትለቃትም። ብቻዬን ልሂድ ማለት ነው? ትረሳኛለች እኮ።»

«እመን፤ እዚሁ ትቀራለህ። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ተሳሳትኩ በለኝ።»

ዘርዓብሩክ መስኮት መስኮቱን አየ።

«ያላደረግሁትን አላምንም» አለ ተወልደመድኅን።

በሚሄድበት ቀን ዕቃውን በአንድ ካርቶን አሰረ። ሮሆቦት እጁን ይዛ ቢሮ ድረስ መጥታ ነበር፤ ዘርዓብሩክ ከረሜላ ሰጣት፤ አልተቀበለችውም።

«ዓሰብ ባዶ ቦታ ሞልቶታል ይላሉ» አለ ተወልደመድኅን ካርቶኑን እያነሣ። «እንግዲህ እለምደዋለሁ።»

ወይዘሮ ሓረጉ በር ድረስ ሸኙት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ በማግሥቱ ለልጅቷ ጫማ ገዝተው ላኩ። ዘርዓብሩክንም «ከባድ ነበር ልጄ፤ ግን ያለ ማስረጃ አልፈረድኩም» አሉት።

ዘርዓብሩክ ሙሉ ጠዋት ደረጃውን በሰላም ሠራ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጣላው ሰው አልነበረም፤ ሥራውም ፍጥነት አልነበረውም። ሲጨርስ ዲስኬቱን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ለምሳ ወጣ።

ወይዘሮ ሓረጉ ባኒያቸውን ገምጠው ሳጥኑን ከፈቱ፤ እንደ ልማዳቸው የዘርዓብሩክን ሥራ በደብዳቤ መጻፊያው ውስጥ አስገቡት፤ መስመሩ ሁሉ እንደ ደብዳቤ ወደ ግራ ጠርዝ ተሰብስቦ፣ ቀጥ ብሎ ወጣላቸው፤ እስከ መጨረሻው ደስ ብሏቸው አነበቡና፣ ስክሪኑ «ላስቀምጥ?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ መብራቱ ሳይጠፋ ቶሎ ብለው «አዎ» አሉት።