እልልታ የተከለከለበት ሰርግ

የኪራይ ጀነሬተር ጆሮ ካወጣ ወዲህ ሰርጋችን የፈተና ክፍል መስሏል። እልልታ ከሰማ መብራቱን ምን ያህል እንደፈለግነው ይገባውና ኪራዩን ያንረዋል፤ የከፈልነው ሲያልቅ ድርግም ይላል።

የታላቅ ወንድሜ የወርቅነህ ልጅ ምንትዋብ ስታገባ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር እቀመጣለሁ ስል ወንድሜ ጀነሬተሩ አጠገብ ወሸቀኝ። ከእኔ ሰርግ "ስብሰባ አለብኝ" ብሎ የቀረ ሰው!

"አንተ ስምንተኛን የወደቅክ፣ ሰው ዝም ማሰኘት እንኳ አያቅትህም" አለኝ።

ሙሽሮቹ ገቡ። ሚዜዎቹ እንደ ሌባ በእግር ጣታቸው ይጨፍራሉ። የምንትዋብ እናት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ እንባዋን ታወርዳለች።

ምንትዋብ እኔ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች። "አጎቴ፣ ቀብሬ ነው እንዴ?"

"ቀብር ላይማ ይጮኻል የኔ ልጅ።"

አንጀቴን በላችው። አፌን ጀነሬተሩ ላይ ደቅኜ፣ በዚህ በጎርናና ድምፄ እልልልል አልኩበት። ኪራዩ ሰማይ ነካ፤ የከፈልነው ባንዴ አለቀና ድንኳኑ ጨለመ።

"አዋረድከኝ፣ አንተ ደንቆሮ!" ብሎ ወርቅነህ ጮኸ።

ማን ይስማው! ማሽኑ ሞቷል፤ የምንትዋብ እናት ነጠላዋን ተፍታ እልልታውን ስታቀልጠው ድንኳኑ በሙሉ በጨለማ ተቀበላት።