ጀርባ ለጀርባ

ሰው እያየኝ ዋሽንት መንፋት አፍራለሁ። ስለዚህ ከጋምቤላ ከመጣው ከበሮ መቺ ጓደኛዬ ከኡጁሉ ጋር የምንለማመደው ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ነው። ዛሬ ጠዋትም ግቢያችን ውስጥ ተቀምጬ ዋሽንቴን በውኃ ሳረጥብ፣ ከኋላዬ መጥቶ ጀርባዬን ተደገፈ።

«አይ የቆላ ሰው! የደብረ ታቦር ብርድ በረዶ አደረገህ እኮ!» ብዬ ቀለድኩበት።

ከበሮውን መምታት ጀመረ፤ እኔም ነፋሁ። እንደዚያ ተግባብተን ተጫውተን አናውቅም።

ዜማው ሳያልቅ የግቢው በር ተከፈተ። ኡጁሉ ከበሮውን እንዳነገተ ገባ።

«ይቅርታ ይሻው፣ ባጃጅ አጥቼ ነው» አለ። ከዚያ ከኋላዬ ያለውን አየና ከበሮው ከትከሻው ወደቀ።

ዋሽንቱን ከአፌ አነሳሁ። ከኋላዬ ያለው ምትም ቆመ። የተደገፈኝ ነገር ከጀርባዬ ቀስ ብሎ ሲላቀቅ ተሰማኝ።

«ንፋ!» አለ ኡጁሉ እያለቀሰ። «ይሻው፣ ንፋ! ወዳንተ እየዞረ ነው!»