ሽማግሌዎቹ ፊት ያዜመው ግድግዳ

ፊልም ላይ ብቻ እንሰማው የነበረው ኦፔራ በየቤታችን ግድግዳ ከገባ ወዲህ አባቴ በልቡ መያዝ የቻለው ነገር የለም። ግድግዳው የአባወራውን ስሜት ያነብና ልክ እንደ ፊልም በዜማ ያጅበዋል። ሲደሰት ዘፋኞቹ በሙሉ ባንድ ላይ ይነሣሉ፣ ሲያዝን አንዲት ቀጭን ድምፅ ትቀራለች፣ ሲዋሽ ደግሞ አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ዘፋኝ ያሾፍበታል።

ስለዚህ እኔን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት የግድግዳውን ድምፅ ማጉያ በጋቢ አፍኖ ጠበቃቸው። እኔ እንደ ወጉ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው አጮልቃለሁ።

«ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው» አሉ መሪያቸው፣ አቶ ዘርጋው።

አባቴ ኮስተር አለ። በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልማ! «ገና ልጅ ናት። ከዘመድ ልምከርበትና ሌላ ቀን ተመለሱ።»

ወፍራሙ ዘፋኝ ከጋቢው ሥር አሾፈ። ወዲያው ዘፋኞቹ በሙሉ ተነሡና ብርጭቆዎቹ እስኪንቀጠቀጡ ድረስ ቤቱን በደስታ ሞሉት።

«እንግዲህ ግድግዳው ፈቅዷል!» አሉ አቶ ዘርጋው። አባቴ ተሸንፎ ሳቀ፤ እናቴም እልልታዋን አቀለጠችው።

እልልታው ሲያልቅ ግን ቤቱ ውስጥ የቀረችው አንዲት ቀጭን ድምፅ ነበረች። ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። እኔም ወጉን ጥሼ ከጓዳ ወጣሁ።

«አባባ?»

«ምንም አልሆንኩም የኔ ልጅ፤ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው።»

ወፍራሙ ዘፋኝ በሙሉ ጉሮሮው ማሾፍ ጀመረ። እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። አባቴም እየሳቀ ተነሣ፤ ጋቢውን ከድምፅ ማጉያው ላይ አነሣና ዓይኑን ጠረገበት።