ቀኝና ግራ

ባለቤቴ ይመናሹ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ የምታየው በመነጽር ነው። መነጽሩ ሰው ሊያደርግ ያሰበውን ቀድሞ በጆሮዋ ይነግራታል። የገዛሁላትን ሻርፕ ገና ከከረጢቱ ሳላወጣው ታመሰግነኛለች።

አንድ ቀን እንኳ ላስደንቃት ብዬ ሳንቲም መሰወር ከቪዲዮ ሦስት ወር ተማርኩ። ትናንት ፊቷ ተቀምጬ ሠራሁት።

«ቀኝ እጅህ ውስጥ ነው» አለች፣ ሳልጠይቃት።

ቀኜን ዘረጋሁ። ባዶ ነበር።

«ኧረ! አንተ ሌባ ሽማግሌ!» ብላ ሳቀች።

ለካስ አስተማሪው ፊት ለፊቴ ስለነበረ፣ የእሱን ቀኝ በግራዬ ተምሬው ኖሯል፤ መነጽሩም እንደ አስተማሪው እሠራለሁ ብሎ ገምቶ ተሳሳተ።

ዛሬ «ድገመው» አለችኝ። መነጽሩ ግን ስህተቴን ተምሮ «ግራ» ብሏት ኖሮ ፊቷ ወዲያው ጠቆረ።

መነጽሩን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የጨበጥኳቸውን ሁለት እጆቼን አቀረብኩላት። እየዳበሰች መገመት ጀመረች።