ክትፎ ያለ ቅቤ

የከተማችን የሞተር ሳይክል እሽቅድድም ወዳጆች ማኅበር አሥራ ስምንተኛ ታላቅ ጉባኤ፣ አባላቱ በሙሉ፣ ማለትም ሁለቱም፣ በተገኙበት በክትፎ ተከፈተ። ሊቀመንበሩ እንደ ልማዱ ያለ ቅቤ አዘዘ።

«ክትፎ ያለ ቅቤ፣ ሰርግ ያለ ሙሽራ» አለ ጸሐፊው ጥላዬ፣ እንደ አምናው።

ከዚያ የጥላዬን ወንድም ላቀውን አነሱ። እንደ ላቀው ያለ ነጂ አልተወለደም፤ ኩርባው ላይ ጉልበቱ አፈር ይጠርግ ነበር። በመጨረሻው ውድድር ገና የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ተንሸራቶ ሞተ። እሽቅድድሙም ታገደ፤ ሜዳው የሲሚንቶ መጋዘን ሆነ።

«ወንድሜ ደረቅ ሜዳ ላይ የሚንሸራተት ሰው አልነበረም» አለ ጥላዬ። «የሆነ ቀናተኛ ተንኮል ሠርቶበታል። ያን ሰው ሳላገኝ አልሞትም።»

ሊቀመንበሩ ማንኪያውን አስቀመጠ። በዚያ የመጨረሻ ውድድር ዕለት ጠዋት፣ ጀግና ቅቤ ይቀባል ብሎ፣ እናቱ የናጠችውን ለጋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልሎ ወደ ሜዳው ሄዶ ነበር። ላቀው ግን ሄልሜቱን አጥልቆ ስለነበር አናቱን አላገኘውም። ስለዚህ ጎንበስ ብሎ፣ እየመረቀ፣ የኋላ ጎማውን ቀባለት።

«ለመሆኑ አንተን ቅቤ ምን አድርጎህ ነው?» አለ ጥላዬ፣ የራሱን ክትፎ እያጣቀሰ።

«አልበላም» አለ ሊቀመንበሩ። «በቃ፣ አልበላም።»